የጉልላቱ ሰዓት

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዳቦ እየቆረጥኩ አጎቴ በሬዲዮ ሲናገሩ እሰማ ነበር። ባለቤቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ማንም እንዳይናገር እጁን ዘርግቷል። ሊናገር የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ልጃችን ገና አልተነሣችም።

"እንግዲህ ዓለምን ያዳኑት እርስዎ ነዎት ማለት ነው?" አለ ጋዜጠኛው።

"ኧረ ተወኝ ልጄ፤" አሉ አጎቴ፤ ደስታቸው ግን ከድምፃቸው ያስታውቃል። "እኔ ፎቶውን ያነሣሁት ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ነው። ድንጋዩ እዚያ ላይ መኖሩንም አላውቅም ነበር። ፈልጋ ያገኘችው የወንድሜ ልጅ ናት።"

ባለቤቴ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

ጋዜጠኛው ስለ ድሮው ሥራ ጠየቃቸው። ስለ ብርዱ፣ ጣሪያው ሲከፈት ስለሚያሰማው ጩኸት፣ ስለ ደነዘዘ ጣት አወሩ። ከዚያ ሳቁ። "አንድ ነገር ልንገርህ። ጉልላቱ ውስጥ፣ ከቴሌስኮፑ ጎን፣ የግድግዳ ሰዓት ነበረን። ጠዋት ወደ ቤት የሚመልሰን የሠርቪስ ሾፌር ደግሞ ጨካኝ ነው፤ አንዲት ደቂቃ ካረፈድክ ጥሎህ ይሄዳል። እሱ እንዳያመልጠን ብለን ሰዓቱን አራት ደቂቃ አስቀድመነው ነበር።"

"ታዲያ የፎቶው ሰዓት አይሳሳትም?"

"እንዴት ተደርጎ! ስጽፍ አራቷን ቀንሼ ነው የምጽፈው። ሰዓቱ የሚያታልለው እኛን ነው እንጂ ሰማይን አይደለም።"

ባለቤቴ ሳቀ። እኔ ቢላዋውን ዳቦው ውስጥ እንደተሰካ ተውኩት።

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም።"

"ፊትሽ አመድ መስሏል እኮ።"

"አጎቴ ቤት ደርሼ ልምጣ፤" አልኩትና ጫማዬን ፈለግሁ። ከዚህ በላይ ለመናገር መጀመሪያ እርግጠኛ መሆን ነበረብኝ። ምክንያቱም አራቷን ደቂቃ እኔም ቀንሻለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ከአምስት ወር በፊት አንድ አስትሮይድ፣ ከዳር እስከ ዳር መቶ ሃምሳ ሜትር የሚሆን ቋጥኝ፣ ምድር አጠገብ አልፎ ሄደ። መንገዱን ያሰሉት ሰዎች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ እንደሚመለስና ያን ጊዜ ምድርን የመምታት ዕድሉ ከስልሳ አንዱ እንደሆነ ተናገሩ። ቢመታ ሊያርፍበት የሚችለው መስመር በእኛ ከተማ ላይ ያልፋል። ልጄ በዚያ ቀን ሃያ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ይሆናታል። ይህን ዜናውን በሰማሁበት ቀን አስልቼዋለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ወደ ፀሐይ በኩል ዞሮ ከዓይን ተሰወረ። እንደገና ለመታየት ሰባት ወር ይቀረዋል። እስከዚያ ቁጥሩን ሊለውጥ የሚችል አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድንጋዩ ድሮ፣ በሌላ ምክንያት በተነሣ ፎቶ ላይ ሳይታሰብ ገብቶ ከተገኘ። ይህን መፈለግ የእኔ ሥራ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ምድር ቤት ውስጥ ዐሥራ አንድ ሺህ የሰማይ ፎቶዎች በመስታወት ላይ ተነሥተው በየፖስታቸው ቆመዋል። እኔ በማይክሮስኮፕ እያየሁ የእያንዳንዷን ነጥብ ቦታ እለካለሁ። እዚያ በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ ሚሊሜትር ነው የሚሉኝ። ሲሰድቡኝም ሲያሞግሱኝም ያው ነው።

ድንጋዩን በአጎቴ መስታወት ላይ አገኘሁት። ከቅንድብ የወደቀች ፀጉር የምታህል ቀጭን መስመር ነበረች። ለክቼ ለአስሊው ሰጠሁት። አስሊው መንገዱን በኮምፒውተር የሚያሰላው ባልደረባዬ ነው፤ ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ሁልጊዜ የሚርበው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከወንበሩ ብድግ ብሎ አቀፈኝ። ዜሮ። ድንጋዩ ምድርን ይስታል። ዐርብ ዜናው ተነገረ፤ መኪኖች ጥሩንባ ሲነፉ ዋሉ፤ ፀጉር አስተካካዩ ባለቤቴ ሱቁ ውስጥ ደንበኞቹ እየተነሡ ሲስሙት አመሸ፤ ልጄም ለመጀመሪያ ጊዜ "ዛሬስ ስንት ሆነ?" ብላ ሳትጠይቀኝ ተኛች።

መንገድ ለማስላት ግን ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ድንጋዩ የት እንደነበረና መቼ እንደነበረ። የት የሚለውን ለካሁ። መቼ የሚለውን ከመዝገቡ ገለበጥኩ። መዝገቡን የጻፍኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ስቀጠር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ እርጥበት የበላቸውን ፖስታዎች በአዲስ መተካትና በላያቸው የተጻፈውን የፎቶውን ቀንና ሰዓት መዝገብ ላይ መገልበጥ ነበር። የድሮዎቹ ፖስታዎች ይጣላሉ። በሁለተኛው ሳምንት ጥበቃው ስለ ጉልላቱ ሰዓት እየሳቀ ነገረኝ። በየፖስታው የተጻፈው ሰዓት አራት ደቂቃ እንደሚቀድም ከእኔ በቀር ያስተዋለ ሰው የለም ብዬ አሰብኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ የግድግዳ ሰዓት እስኪቀየር ድረስ በተነሡት ፎቶዎች ጽሑፍ ሁሉ ላይ አራት ደቂቃ እየቀነስኩ ገለበጥኩ። ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት መስታወት። ለማንም አልነገርኩም፤ መናገሩ ራስን ማሞገስ መሰለኝ። ቆይቶም ረሳሁት።

አጎቴ ቀንሰው ጽፈው ከሆነ፣ እኔ ትክክለኛውን ሰዓት ወስጄ አበላሽቼዋለሁ ማለት ነው። ምድር በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ትጓዛለች። በአራት ደቂቃ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ። ከምድር መሐል እስከ ገጿ ያለው ስድስት ሺህ አራት መቶ ነው። ሳተ በማለትና መታ በማለት መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ነው። ይህን ሁሉ ታክሲ ውስጥ፣ በሁለት ሰዎች መሐል ተጣብቄ አሰላሁት።

አጎቴ ከረባታቸውን እንዳሰሩ በር ከፈቱልኝ። ለሬዲዮ ከረባት ያሰሩ ሰው እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

"መጣች ባለዝናዋ! ሰማሽኝ?"

"ሰማሁ።"

"ሳቄ አልበዛም?"

"አልበዛም። አጎቴ፣ ያችን አራት ደቂቃ ሁልጊዜ ነበር የሚቀንሷት?"

"ሁልጊዜ።"

"አንድም ቀን ሳይረሱ?"

መነጽራቸውን አወለቁ። "አንቺ ልጅ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ብርድ ውስጥ ስቆም አንድ የተሳሳተ ሰዓት ጽፌ አላውቅም። የሰው ሥራ ሳታረጋግጪ አትመኚ ብዬ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ዛሬ በእኔው ልትጀምሪ ነው?"

"በእርስዎ አይደለም። በራሴ ነው።"

ነገርኳቸው። ቆመው ነበር፤ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። ስልካቸው ጠራ፤ እንኳን ደስ አለዎት የሚል ሰው መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። አላነሡትም።

"ማን ቀንሺ አለሽ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም? ከአንቺ ወንበር እስከ እኔ ቢሮ ሃያ እርምጃ አይሞላም ነበር።"

"ሁሉን የማውቅ መስሎኝ ነዋ።"

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ከቅድሙ ፈጽሞ በተለየ ድምፅ፣ "ምናልባት ያን ዕለት ረስቼ ይሆናል እኮ፤" አሉ። "ሰው ነኝ። ብርድ ነው፤ እንቅልፍ አለ። እኔ ረስቼ ከሆነ አንቺ ልክ ነሽ።"

"ረስተዋል?"

"አላስታውስም።" እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሻሹ። "ብረሳ ግን ደስ ይለኝ ነበር።"

እኚህ ሰው ናቸው ከደቂቃዎች በፊት አንድ የተሳሳተ ሰዓት ጽፌ አላውቅም ያሉት።

ቀድመው ያገገሙት እሳቸው ነበሩ። "መስታወቱ ላይ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም? መንገዱ በደንብ የታወቀ፣ ከሩቆቹ አስትሮይዶች አንዱ? ካለ ያን ቀን ስንት ሰዓት እንደነበር እሱ ይነግርሻል። እኔም አንቺም ምን እንደጻፍን ግድ የለውም።"

ይህን ራሴ ማሰብ ነበረብኝ። የፈራ ሰው ግን የሚያውቀውንም ይረሳል።

አምስት ሰዓት ላይ ምድር ቤት ነበርኩ። አስሊውን በስልክ ጠራሁት፤ በነጠላ ጫማ፣ ግማሽ ሳንድዊች እያኘከ መጣ።

"እትዬ፣ ዓለም ከዳነች ገና ሁለት ቀኗ ነው። ቅዳሜዬን ብትተዪልኝ ምን አለበት?"

"ተቀመጥ።"

ስነግረው ማኘኩን አቆመ። ሳንድዊቹን ወረቀት ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያ በኋላ አልነካውም።

መስታወቱ ላይ አንድ የታወቀ አስትሮይድ ነበር፤ ማዕዘኑ ላይ፣ ደብዘዝ ያለች አጭር ሰረዝ። ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው። በአራት ደቂቃ ውስጥ መስታወቱ ላይ የሚፈቀቀው ሠላሳ ሦስት ማይክሮን ብቻ ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር ሺህኛ ነው። ሠላሳ ሦስት ማለት የአንድ ፀጉር ውፍረት ግማሽ ያህል። መዝገቡ ልክ ከሆነ ሰረዟ አስሊው በሚያሰላው ቦታ ላይ ትገኛለች። ሁለት ጊዜ ተቀንሶ ከሆነ በሠላሳ ሦስት ማይክሮን ወደ ፊት ቀድማ ትገኛለች።

"ያሰላኸውን አትንገረኝ፤" አልኩት። "ወረቀት ላይ ጽፈህ አጥፈው። ካወቅሁት ዓይኔ ወደዚያ ይስብብኛል።"

"ራስሽንም አታምኚም?"

"ዛሬ ጭራሽ።"

ጽፎ አጠፈው፤ ከማይክሮስኮፑ እግር ሥር አስቀመጠው። መለካት ጀመርኩ። ዐሥር ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ መስታወቱን ገልብጬ አዙሬ ዐሥር ጊዜ ከቀኝ ወደ ግራ። እንዲህ የሚደረገው የእጅና የዓይን ልማድ የሚያመጣው ስህተት እርስ በርሱ እንዲጣፋ ነው። በእያንዳንዱ ልኬት መካከል ዓይኔን ጨፍኜ እስከ ሃያ ቆጠርኩ። ምን ቁጥር መመኘት እንዳለብኝ አለማወቄ ረዳኝ። ምን ውጤት እንደምመኝ ግን አውቅ ነበር፤ ስለዚህ እጄን እንደ ባዕድ ሰው እጅ በጥርጣሬ ተከታተልኩት። በሰባተኛው ልኬት ላይ ትንፋሼ መስታወቱን አጨፈገገው፤ ያን ሰርዤ ደገምኩ።

አስሊው ከኋላዬ ይንጎራደድ ነበር። ነጠላ ጫማው ይጮሃል።

"አውልቀው፤" አልኩት።

በባዶ እግሩ ሲሚንቶው ላይ ቆመ።

አማካዩን ሠራሁና ወረቀቱን ዘረጋሁ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፍኩ፤ አንዱን ከሌላው ቀነስኩ። ሠላሳ አራት። ስህተቱ ቢበዛ ሦስት። ወደ ፊት።

"ደግመሽ ለኪ፤" አለ።

"ሃያ ጊዜ ለካሁ እኮ።"

"እትዬ ሚሊሜትር፣ በናትሽ ደግመሽ ለኪ።"

ደግሜ ለካሁ። ሠላሳ ሦስት።

አዲሱን ሰዓት ይዞ ወደ ኮምፒውተሩ ወጣ። ስሌቱ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። እኔ መስታወቱን ወደ ፖስታው መለስኩ፤ ጠረጴዛውን ጠረግሁ፤ የተጠረገውን ጠረግሁ። ሲመለስ ከደረጃው አናት ላይ ሆኖ አየኝና ሳይወርድ ቀረ።

"ከዐሥራ አራት አንድ፤" አለ።

የክፍሉ ኃላፊ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሱ። ቀጥ ያሉ፣ ቁጥብ ሴት ናቸው፤ ዐርብ ዕለት ግን በኮሪደሩ ላይ ሲያዜሙ ሰምተናቸዋል። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበቡ። ጥያቄዎቻቸው ትክክለኛ ነበሩ፤ መልሶቻችን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሄዱ። ከዚያ ወረቀቶቹን ደርድረው እጃቸውን በላያቸው ጫኑ።

"እናንተዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ፤" አሉ። "ድንጋዩ በሰባት ወር ውስጥ ተመልሶ ይታያል። ያን ጊዜ የእኛ መስታወት ኖረም አልኖረም እውነቱ ይታወቃል። ሰው ትናንት ነው መተንፈስ የጀመረው። እናቴ ትናንት ሙሉ ሌሊት ተኛች። ለሰባት ወር ቢያርፍ ምን ይጎዳል?"

አስሊው ወደ እኔ አየ። እውነቱን ለመናገር፣ ጥያቄው ከእሳቸው በፊት ወደ እኔ መጥቶ ነበር፤ ታክሲው ውስጥ።

"ማክሰኞ ስብሰባ አለ፤" አልኩ።

ድንጋዩን ከመንገዱ ገፋ የሚያደርግ መንኩራኩር እየተሠራ ነው። ማክሰኞ የየአገሩ መልእክተኞች ተሰብስበው ሥራው ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን ይወስናሉ። ዕድሉ ዜሮ ነው ከተባለ ያቆሙታል። ዛሬ ከቆመ ከሰባት ወር በኋላ መጀመር አይጠቅምም፤ ለመግፋት ድንጋዩ ገና ሩቅ ሳለ መድረስ ያስፈልጋል።

"ስብሰባውን ረስቼው አይደለም፤" አሉ ኃላፊዋ። "እንዲያስታውሰኝ ሰው ፈልጌ ነው መሰለኝ።" ብዕራቸውን አወጡ። "ዐሥር ሰዓት ላይ ይነገራል። የመዝገብ ስህተት ብለን እንጽፈዋለን።"

"መዝገብ ብቻውን አይቀንስም፤" አልኩ። "ማን እንዳደረገው፣ መቼ፣ በስንት መስታወት ላይ እንደሆነ ካልተጻፈ ቀሪዎቹን ሦስት መቶ ዐሥራ አንድ ማን ያስተካክላል? የእኔ ስም ይግባ።"

"ጋዜጠኛ ደጅሽ ላይ ይተኛል።"

"ይተኛ።"

"አጎትሽስ?"

"እሳቸው የጻፉት ልክ ነበር። ይህም ይግባ።"

ጻፉ። ፈረምኩ። ከፊርማዬ በታች ቀኑንና ሰዓቱን ስጽፍ እጄ ቆመ፤ የአስሊውን ሰዓት ጠየቅሁት፤ ከኮምፒውተሩ ጋር አመሳክሬ ጻፍኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር። ባለቤቴ ከሬዲዮ ሳይሆን ከእኔ እንዲሰማው ፈለግሁ። ወደ ፀጉር ቤቱ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ ላይ ሕፃን የታቀፈች ሴት ፊት ለፊቴ መጣች፤ አንድ ሰው በር ይቀባል፤ ሁለት ልጃገረዶች ስለ ጫማ ይከራከራሉ። ሁሉም የትናንቱን ዜሮ ይዘው ነበር የሚሄዱት። ቀና ብሎ ያየኝ ሁሉ ያወቀብኝ መሰለኝ።

ፀጉር ቤቱ ቅዳሜ በመሆኑ ሞልቷል።

"ሚሊሜትር! እንኳን መጣሽ!" አለ አንዱ ከአግዳሚው ላይ። "ባልሽ ጆሮዬ አጠገብ ወጣ ገባ አድርጎብኛል፤ እስቲ ለክተሽ ፍረጂን።"

ሳቁ። ባለቤቴ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ወፍራም ሰው አንገት ላይ አረፋ ቀብቶ በምላጭ እየላጨ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።

"ውጪ ና፤" አልኩት።

"አሁን?"

"አሁን።"

ምላጩን አስቀምጦ እጁን እየጠረገ ወጣ። በሩ አጠገብ፣ የታጠቡ ፎጣዎች የተሰጡበት ገመድ ሥር ቆምን። በአጭሩ ነገርኩት፤ ሰዓቱን፣ መዝገቡን፣ ሰረዟን።

"ስንት?" አለ።

"ከዐሥራ አራት አንድ።"

"መጀመሪያ ከስልሳ አልነበረም እንዴ?"

"ነበር።"

"ታዲያ ጨመረ ማለት ነው።"

"ጨመረ።"

ከፎጣዎቹ አንዱን ነካ፤ እርጥበቱን የሚያይ ይመስል በጣቶቹ ጨመቀው። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። "ለልጅቷ ነግረሻታል?" አለ።

"ገና ነኝ።"

"ብቻሽን እንዳትነግሪያት። ሱቁን ዘግቼ አብረን እንነግራታለን። ማክሰኞ የሚሉትን ነገር... መንኩራኩሩን... እሱንም ደህና አድርገሽ አስረጂኝ፤ ስትጠይቀኝ እንዳልንተባተብ።"

"እሺ።"

"ኧረ ሰውዬ!" አለ ወፍራሙ ሰው ከውስጥ። "አረፋው አንገቴ ላይ ደረቀ! ሚስትህን ማታ ታገኛታለህ!"

አግዳሚው ላይ ያሉት አጨበጨቡ። ባለቤቴ ተመልሶ ገባ። ጥግ ላይ ያለው ሬዲዮ ዘፈን ያሰማል፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ምላጩን አነሣ፤ ወደ ሰውየው አንገት አስጠጋ፤ ከዚያ በመሐል መንገድ ቆመ። አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው፤ አረፋውን በፎጣ ጠረገና ማሽኑን ሶኬቱ ላይ ሰካ።

"ምነው?" አለ ሰውየው። "ምላጩ ምን ሆነ?"

"ዛሬ በማሽን ይሻልሃል፤" አለው ባለቤቴ፣ በግራ እጁ የሰውየውን ትከሻ አጥብቆ ይዞ።